ካሜራው ከየት ቆሞ ያያል?

የፊልም ንድፈ ሐሳብ ሥራው ይህ ፊልም ጥሩ ነው፣ ያኛው መጥፎ ነው ብሎ መፍረድ አይደለም። የሚጠይቀው ከፍርዱ በፊት ያለውን ነው፤ ካሜራው የት ቆሞ ነበር፣ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ የትኛው ምስል ከየትኛው ጋር ተቀጠለ፣ ሲቀጠል ምን ተቆርጦ ወደቀ፣ ማን ተናገረ፣ ማንስ ተነገረለት። እነዚህ ካልተጠየቁ ስለ አንድ ፊልም የሚባለው ሁሉ ስለ ታሪኩ ብቻ ይሆናል። ታሪክ ደግሞ በቃልም በጽሑፍም ሊነገር ይችላል። ፊልምን ፊልም የሚያደርገው አተያዩ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ የሚያጠናውም ይህንኑ አተያይ ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ፍለጋ ፓሪስ ወይም ሞስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ መቀመጫው አርባ ምንጭ የነበረው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ከጨንቻ ደጋ እስከ ሐመር ቆላ፣ ከአባያ ሐይቅ እስከ ኦሞ ወንዝ ይዘልቅ ነበር። በዓለም የፊልም ክርክር ውስጥ ዛሬም ስማቸው የሚነሳ ሁለት ፊልሞች የተቀረጹት በዚህ ምድር ላይ ነው። የምልክትን ምንነት እንደ አዲስ የመረመረ አንድ መጽሐፍም ከዚሁ ከዶርዜ መንደር በተገኘ ዕውቀት ተጽፏል። ሦስቱም የወጡት በ1974 ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዓመቱ አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸውም በዚያው ዓመት ነበር። አጋጣሚው ትልቅ ነው፤ እስካሁን ግን እነዚህ ሥራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአማርኛ ብዙ አልተወራባቸውም።

መሠረታዊው ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። ሉሚዬር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1895 ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ካሳዩ ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ የሶቪየቱ ሌቭ ኩሌሾቭ አንድ ሙከራ አደረገ። የአንድን ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው፤ ተመልካቹ ግን ከሾርባው ጋር ሲያየው ረሃብን፣ ከሬሳ ሣጥኑ ጋር ሲያየው ሐዘንን አነበበበት። ሰርጌ አይዘንሽታይን ነገሩን ወደ ንድፈ ሐሳብ ከፍ አደረገው፤ ሁለት ምስሎች ሲጋጩ በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል አለ። ይህ ሞንታዥ ተባለ። ፈረንሳዊው አንድሬ ባዛን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዚህ ተቃራኒ ቆመ። በእሱ እምነት ተቆራርጦ የተቀጠለ ምስል ተመልካቹን እየነዳ ወደ አንድ ትርጉም ያስገባዋል። ሳይቆረጥ የሚቆይ ረጅም ምስል ግን ነገሩን ከነጊዜውና ከነቦታው ይተውለታል፤ ምኑን እንደሚያይ የሚመርጠውም ራሱ ተመልካቹ ነው። አንዱ ትርጉም የሚሠራው በቅንብር ጠረጴዛ ላይ ነው ሲል ሌላው ከካሜራው ፊት ነው ይላል።

አሁን ወደ ሐመር። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የፊልም ጥናት ማዕከል የመሠረተው አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሐመር ሲመጣ ባልና ሚስት የሆኑት አንትሮፖሎጂስቶች ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር ከ1970 አንሥቶ መንደር ውስጥ ኖረው ቋንቋውን እየተማሩ ነበር። ጋርድነር በእነሱ ዕርዳታ የሠራው «የአሸዋ ወንዞች» በ1974 ወጣ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት የሐመር ሴት ቁጭ ብላ ስለ ሴት ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ባል ዱላ ትናገራለች። ንግግሯ እየተቋረጠ በመሐል ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ የተቀረጹ ምስሎች ይገባሉ። እህል የምትፈጭ ሴት አለች፣ በብረት አምባር የተያዘ ክንድ አለ፣ የግርፋት ሥርዓትም አለ። ምስሎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ጋርድነር ዓይን ያለው ሰው መሆኑን ማንም አይክድም። አቀጣጠሉ ግን የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወንድ የበላይነት ሁለቱንም ፆታ አቁስሏል የሚል።

ላይዳልና ሽትሬከር ፊልሙን ተቃወሙ፤ ሐመርን በትክክል አያሳይም አሉ። የተቃውሟቸው ክብደት የሚገባው ኩሌሾቭን ለሚያስታውስ አንባቢ ነው። ወጣቱ ለአካለ መጠን መድረሱን በሚያሳይበት የከብት ዝላይ ሥርዓት ላይ ሴት ዘመዶቹ ራሳቸው ለምነው ይገረፋሉ፤ ጠባሳው በእነሱና በወንድማቸው መካከል ለዘለቄታው የሚቆይ የዝምድና ዕዳ ነው። ባል ሚስቱን መምታቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ በአንድ ፊልም ውስጥ ተቀራርበው ሲቀመጡ ግን ተመልካቹ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ይህን ማለት ግርፋቱን መልካም አያደርገውም፤ ግርፋቱን የሚቃወም ሰው እንኳ የሚቃወመውን ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። በሾርባና በሬሳ ሣጥን የተሞከረው ዘዴ በሕይወት ባለ ሕዝብ ላይ ሲሠራበት ያ ሕዝብ ያላለው ነገር በስሙ ይነገራል።

ላይዳል በጽሑፍ በመቃወም አልቆመችም፤ የራሷን ፊልሞች ሠራች። ከጆአና ሄድ ጋር ለቢቢሲ ከ1990 እስከ 1994 ሦስት ፊልሞችን አዘጋጀች። በ2001 ደግሞ ከልጇ ከካይራ ሽትሬከር ጋር «የዱካ አጣብቂኝ»ን አወጣች። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥም ስለ ጋብቻና ስለ ዱላ ይወራል፤ ርዕሱ ከጋርድነር ርዕስ አይርቅም። ካሜራው የተቀመጠበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ ጂንን በስሟ ይጠሯታል፣ ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የጠየቀቻቸውን መልሰው ይጠይቋታል። ባሏ ሁለተኛ ሚስት ያገባባት ዱካ ጭንቀቷን የምትናገረው ለዓመታት ለምታውቃት ሰው ነው። የጋርድነር ሐመር ሴት ዕጣዋን ተሸክማ የምትተርክ ናት፤ የላይዳል ሐመር ሴቶች ስለ ዕጣቸው የሚከራከሩ ናቸው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል የተለወጠው በአብዛኛው የአተያዩ ቦታ ነው።

በዚያው በ1974 የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን «ዘ ሙርሲ» የተባለውን ፊልም አሳየ። አዘጋጁ ሌስሊ ዉድሄድ ነበር፤ አብሮት የሠራው ሙርሲን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ነው። ፊልሙ የሙርሲ ወንዶች ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር ስላለው ጦርነት ተሰብስበው ሲመክሩ ይከታተላል። አንዱ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሣል። ንግግሩ በግርጌ ጽሑፍ ይተረጎማል። በዚያ ዘመን የአፍሪካን ሕዝብ በሚያሳይ ፊልም ላይ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የማይታይ ነጭ ተራኪ ድምፅ ነበር፤ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያምናሉ» ይላል፣ ሰዎቹ ራሳቸው ግን አይሰሙም። የግርጌ ጽሑፍ ቀላል የቴክኒክ ነገር ይመስላል። ሆኖም የማንቸስተር ተመልካች የአንድን ሙርሲ አባት የክርክር ብልሃት እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ያደረገው እሱ ነው። የባዛን እምነት እዚህ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሰውየው ሐሳቡን እስኪጨርስ ካሜራው ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ የዚህ ፊልም ችግር ከምስሉ ውጭ፣ በስያሜው ላይ ተቀምጧል። ፊልሙ የቀረበበት ተከታታይ ዝግጅት ርዕሱ «የሚጠፋው ዓለም» ነበር። ርዕሱን ያነበበ ተመልካች ሙርሲዎችን ገና ሳያያቸው ይሰናበታቸዋል። ዉድሄድና ተርተን ግን ለሥራቸው ታማኝ ሆነው እየተመለሱ በ1980ዎቹ ስለ ጎረቤቶቻቸው ስለ ክዌጉዎችና ወደ ማጎ ሸለቆ ስለ ፈለሱ ሙርሲዎች ቀረጹ፤ በ1991ም ሌሎች ሁለት ፊልሞችን ጨመሩ። ይጠፋል የተባለው ሕዝብ አሁንም እየመከረ፣ እየተሰደደ፣ ሥርዓቱን እየፈጸመ ነበር። ርዕሱን ያፈረሱት ራሳቸው ፊልሞቹ ናቸው።

የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል በ1973 ባቀረበው ሐሳብ አንድ ምስል ሲሠራ የተሰጠው ትርጉምና ሲታይ የሚወሰደው ትርጉም አንድ መሆን የለባቸውም። ይህን በጋሞ ተመልካች ላይ መፈተን ይቻላል። በጋሞ ምድር ዱቡሻ አለ፤ የአገር ጉዳይ በአደባባይ የሚመከርበት፣ ሀላቃ የሚባለው ባለማዕረግ ቆሞ የሚናገርበት፣ ተራ የሚጠበቅበት። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ባለው በኦቾሎ ያጠናው ይህንን ሲሆን በ1983 መጽሐፍ አድርጎታል። የእንግሊዝ ተመልካች የሙርሲን ሸንጎ ሲያይ «መሪ የሌለው ሕዝብ እንዴት ይወስናል?» ብሎ ይደነቃል። ከዱቡሻ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም። እሱ የሚያየው ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ የትኛው ንግግር የሸንጎውን ሐሳብ ለወጠ የሚለውን ነው። ለአንደኛው እንግዳ ሥርዓት የሆነው ለሁለተኛው የታወቀ ሙግት ነው፤ ፊልሙ ግን አንድ ነው።

ከሐመርና ከሙርሲ ቆላ ወደ ጨንቻ ደጋ ሲወጣ ያለው ታሪክ ደግሞ ካሜራ የለበትም። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ ከዶርዜዎች ጋር ተቀምጦ ያየውን ይዞ በ1974 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ፊልም የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ወቅት ፓሪስ ውስጥ የፊልም ንድፈ ሐሳብ የቆመው በሴሚዮሎጂ፣ ማለትም በምልክት ጥናት ላይ ነበር። ክርስቲያን ሜትዝ ከ1964 ጀምሮ ፊልም ቋንቋ ነውን እያለ ይጠይቅ ነበር፤ የምስል አቀጣጠልን እንደ ሰዋስው በዓይነት በዓይነቱ ለየው። ከእሱ የተማሩ ብዙዎች ጥንቃቄውን ትተው እያንዳንዱን ምስል እንደ ቃል ይፈቱት ጀመር።

ስፐርበር ከዶርዜ ያገኘው ነገር ይህን ልማድ ያናውጣል። በሥርዓት ላይ ባለማዕረጉ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረጋል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ወጉ ነው» የሚል ነው፤ ቅቤ ማለት ይህ ነው ብሎ የሚፈታ የለም። እንደገናም ነብር በዶርዜዎች ዘንድ ክርስቲያን አውሬ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይባላል። በጾም ቀን ግን ማንም ከብቱን ያለ ጠባቂ አይተውም። አባባሉ ውሸት ነው እንዳይባል ይታመናል፤ እውነት ነው እንዳይባል ከብት ይጠበቃል። ስፐርበር ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ምልክት የሚፈታ ኮድ አይደለም የሚል ነው። ምልክት ትዝታን ይቀሰቅሳል፣ አእምሮ የያዘውን ዕውቀት እንደ ገና እንዲያገላብጥ ያደርጋል፤ አንድ ትርጉም አውጥቶ አያርፍም።

በኢትዮጵያ የፊልም ሂስ ውስጥ ይህ ትምህርት በእጅጉ ያስፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ ሐዘን ነው፣ መስታወት ሲሰበር ትዳር ፈረሰ፣ ቀይ ልብስ አደጋ ነው የሚል አተረጓጎም በየውይይቱ ይሰማል፤ ምስሉ ሲፈታ ያልቃል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የዋጋዱጉውን የፌስፓኮ ታላቅ ሽልማት አገኘ። በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር የተመለሰው አንበርብር ትዝታው ተቆራርጦበታል፤ ጭስና ውሃ፣ የልጅነት ጨዋታና እንቆቅልሽ ደጋግመው ይመላለሳሉ። ጭሱ ምንን ይወክላል ብሎ ለሚጠይቅ ተመልካች ፊልሙ አይመልስም። ጭሱ ሲመለስ ከዚያ በፊት የታየው ሁሉ ትንሽ እየተለወጠ ይነሣል። ይህን ፊልም በፍቺ መዝገብ መክፈት አይቻልም፤ በዶርዜው ቅቤ መንገድ ግን ሊቀረብ ይችላል።

የማየትን ሥልጣን በቀጥታ የጠየቀችው ላውራ መልቪ ናት። በ1975 «ስክሪን» በተባለው መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ በሆሊዉድ ፊልም ውስጥ ወንድ ያያል፣ ሴት ትታያለች፤ ካሜራው የወንዱን ዓይን ስለሚከተል ተመልካቹም፣ ሴት ብትሆን እንኳ፣ በዚያው ዓይን እንድታይ ትገደዳለች አለች። በኋላ ጽሑፉ ከብዙ አቅጣጫ ተተችቷል፤ ጥቁር ሴት ተመልካችን አላሰበም፣ እምቢ ብላ የምታይ ሴትንም ረስቷል ተብሏል። ጥያቄው ግን ጸንቶ ቆየ። ከአርባ ምንጩ ሰፈር ከሲቀላ ተነሥቶ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ኮንሶና ወደ ጂንካ በሚሄደው የቱሪስት መንገድ ላይ ይህ ጥያቄ የዕለት ኑሮ ነው። ዴቪድ ተርተን በ2004 እንደጻፈው ሙርሲዎች ቱሪስቶችን የሚያውቋቸው ፎቶ አንሺ ሰዎች አድርገው ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፈላል፤ ሴቶቹም ካሜራው የሚፈልገውን ስለሚያውቁ በዕለት ኑሯቸው የማያደርጉትን ጌጥ ጭምር ደርበው ይቆማሉ። ታዪዋ ሴት ዋጋ ትደራደራለች፤ ተጎጂ ብቻ አይደለችም። ምስሉ ግን ከእሷ ርቆ ይሄዳል፤ ሥሩ የሚጻፈውን አታየውም፣ አትቆርጠውም፣ አታርመውም።

ለዚህ መልስ የሰጠ ሥራም አለ። በ2009 ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ ሙርሲ ከቤን ያንግ ጋር «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ»ን አዘጋጀ። ካሜራውን ራሱ ይዞ የገዛ አገሩን፣ ከብቱንና ስጋቱን ያሳያል። አንድ ሙርሲ ካሜራ በመያዙ ብቻ አተያዩ ትክክል ይሆናል ማለት አይደለም፤ እሱም ይመርጣል፣ እሱም ይቆርጣል። ልዩነቱ የቆረጠውን በመንደሩ ሰዎች ፊት መልስ ሊሰጥበት መገደዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘውን ሐሳብ በሙሉ ንድፈ ሐሳብ መልክ ያስቀመጠው ኢትዮጵያዊ ተሾመ ገብርኤል ነው። በ1939 በአርሲ ጢቾ ተወለደ፤ በ1962 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከ1974 ጀምሮ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2010፣ አስተማረ። ስለ ሦስተኛው ሲኒማ የጻፈው መጽሐፍ በ1982 ሲወጣ በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ከሚነበቡት ዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ሦስተኛው ሲኒማ የሚለውን ሐሳብ የጀመሩት በ1969 አርጀንቲናውያኑ ፌርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ ናቸው። አንደኛው የሆሊዉድ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ የደራሲ ፊልም፣ ሦስተኛው የነፃነት ትግል ፊልም ነው። ተሾመ ይህን ጥሪ ወደ ትንተና ለወጠው። የፍራንዝ ፋኖንን መንገድ ተከትሎ የሦስተኛው ዓለም ፊልም በሦስት ደረጃ ያልፋል አለ፤ መጀመሪያ ሆሊዉድን መምሰል፣ ቀጥሎ ወደ ራስ ትዝታና ባህል መመለስ፣ በመጨረሻም ሕዝቡን ከነትግሉ የሚያሳይ ፊልም።

ከደረጃዎቹ ይልቅ ዛሬ የሚጠቅመው የተሾመ ሐሳብ ስለ ቅርጽ የጻፈው ነው። የምዕራቡ ፊልም የሰውን ፊት አቅርቦ የሚያሳየው የግለሰብን ስሜት ዋና አድርጎ ስለሚይዝ ነው ይላል። ከቃል ባህል የመጣ ፊልም ግን ሰውን ከቦታውና ከወገኑ ስለማይነጥል ሰፊ ምስል ይመርጣል፤ ካሜራው እየቆረጠ ከመዝለል ይልቅ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የቦታው አንድነትም አይፈርስም። በምዕራቡ ፊልም ውስጥ ዝምታ የሚያስጨንቅ ባዶ ሲሆን በዚህኛው የንግግሩ አካል ነው። ጀግናውም አንድ ሰው ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው።

ተሾመ ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው፣ በ1946 በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ይህን በሥራ አሳየ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች ቀረጸው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጭሰኛው ቤተሰብ ማለዳ ሲነሣ፣ ሲያርስ፣ ባለ ርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ፣ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ እንደ እብድ እየተቆጠረ እውነቱን ሲናገር ካሜራው አይቸኩልም። በርቀት ሆኖ የሚያርሰውን ሰው ከነኮረብታው ያሳያል፤ ጉልበቱ የሚያልቅበትን ጊዜ ተመልካቹ ራሱ በሰውነቱ ይለካዋል። ፊልሙ ረጅምና አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። ርዝመቱ ግን ሐሳቡ ነው። የጭሰኛን ቀን በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ማሳለፍ ያንን ቀን ማጥፋት ነው።

የተሾመን ሐሳብ በአርባ ምንጭ ለመፈተን የሚበጅ ምስል በመስከረም 2018 ተገኝቷል። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቡራዩ በጋሞዎችም ላይ የተፈጸመውን ግድያ የሰሙ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል በወጡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ቆሙ። በስልክ የተቀረጸው ምስልና ፎቶው አገር አዳረሰ። ምስሉን እንደ ፊልም ለሚያይ ሰው ብዙ ነገር አለው። ጀግና የሚባል አንድ ሰው የለም፤ ብዙዎች በአንድነት ተንበርክከዋል። ፊት አቅርቦ የሚያሳይ አይደለም፤ አባቶቹ፣ ሣሩ፣ መንገዱና የቆመው ሕዝብ በአንድ ላይ ይታያሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢቆረጥ ትርጉሙ ይጎድላል። የሣሩን «ትርጉም» በአንድ ቃል ለመፍታት የተሞከረባቸው ዜናዎች ነበሩ፤ ሰላም ማለት ነው ተባለ። ወጣቶቹን ያቆማቸው ግን ፍቺው አልነበረም። አባት ሣር ይዞ ሲንበረከክ የተጣሰ እንደሆነ ምን እንደሚከተል ከልጅነት የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣባቸው። ተሾመና ስፐርበር በዚህ አንድ ምስል ላይ ይገናኛሉ።

ቴሌቪዥን ምስሉን የተጠቀመበት መንገድ ሌላ ትምህርት ነው። አባቶቹ የተንበረከኩባቸው ጥቂት ሰከንዶች ተነጥለው ስለ አገር አንድነት በሚነገሩ ንግግሮችና በሙዚቃ መካከል ተሰኩ። ከዚያ በፊት የነበረው ቁጣ፣ የሞቱት ሰዎች ሐዘን፣ ከዚያም በኋላ የነበረው ምክክር ወደቀ። ዓላማው በጎ ሊሆን ይችላል። ግን ይህም ጋርድነር በሐመር ያደረገው ነው፤ ምስሉ ከነጊዜው ካልቀረበ የሌላ ሰው ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል።

የተሾመ ንድፈ ሐሳብ ጉድለት የለበትም ማለት ትክክል አይሆንም። ምዕራቡንና ሦስተኛውን ዓለም በሁለት ረድፍ አቁሞ ሲያነጻጽር መሐል ያለው ይጠፋል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች የሞሉት የአማርኛ ፊልሞች፣ በተለይ የፍቅርና አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች፣ ፊት አቅርበው ያሳያሉ፣ በፍጥነት ይቆርጣሉ፣ ጀግናቸውም ግለሰብ ነው። በተሾመ መለኪያ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ የመኮረጅ ደረጃ ላይ ይወድቃሉ። ይህ ፍርድ ይከብዳል። የአማርኛ ፊልሞችን ያጠናው ማይክል ቶማስ እንዳሳየው ተመልካቹ ራሱ እነዚህን ፊልሞች የፍቅር፣ የቤተሰብ፣ ልብ አንጠልጣይ እያለ ይለያቸዋል፤ ይህ አከፋፈል ከሆሊዉድ አከፋፈል ጋር አይገጥምም። ተሾመ ራሱም በኋላ ሐሳቡን አላልቶ ሦስተኛውን ሲኒማ የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ አድርጎ ጻፈ፤ ስለ ዘላን ውበትም ጻፈ። ያ የኋለኛው ተሾመ ለእነዚህ ፊልሞች የበለጠ ቦታ አለው።

ንድፈ ሐሳቡ ጨርሶ ያላሰበው ተመልካች ደግሞ እንደ ሲቀላ ባሉ ሰፈሮች ቪዲዮ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ነው። ዣን ሉዊ ቦድሪ በ1970 ከዚያም ሜትዝ በ1977 የሲኒማን ኃይል ያብራሩት በጨለማ፣ በዝምታና ባለመንቀሳቀስ ነው፤ ተመልካቹ ብቻውን እንደሚያልም ሰው ተደርጎ ይታያል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ግን በሩ ይከፈታል ይዘጋል፣ አንዱ ፊልሙን ቀድሞ አይቶ የሚመጣውን ይናገራል፣ ሌላው ለገጸ ባሕሪው ምክር ይሰጣል፣ ክፉው ሲወድቅ ጭብጨባ አለ። ማለም አይደለም፤ ወደ ሸንጎ የቀረበ ነገር ነው። ፊልምን እንዲህ ያየ ሕዝብ በምስሉ ይሳባል፣ ግን አይደነዝዝም። ይህን ተመልካች የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ ከቦድሪ ወንበር ሳይሆን ከዚያ አግዳሚ መነሣት አለበት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ደግሞ ለዚህ ጥናት ሰውም ቦታም አታጣም።

አሁን ቪዲዮ ቤቱን ስልክ እየተካው ነው። በስልክ ላይ የኃይሌ ገሪማ ኮረብታና በላዩ የሚያርሰው ሰው የጣት ጥፍር ያህል ናቸው። ለስልክ የሚሠሩ አጫጭር ድራማዎችና የጋሞኛ የሙዚቃ ቪዲዮዎች ወደ ሰው ፊት እየቀረቡ ነው፤ ሰፊው ምስል ሲመጣም ከላይ በድሮን የተነሣ የአባያና የጫሞ መልክዓ ምድር ሆኖ ነው፣ ሰው የለበትም። ተሾመ የጻፈለት ሰፊ ምስል ሰውን ከቦታው ጋር የሚያኖር ነበር። ድሮኑ ቦታውን ያለ ሰው፣ ስልኩ ሰውን ያለ ቦታ እያሳዩ ሁለቱን ለያይተዋቸዋል።